የኩሽናው ፋሽንና የቤቱ ዋጋ፤ ከካቢኔቱ በር ጀርባ ምን አለ?

በአዲስ አበባ የቤት ሽያጭ ውስጥ የቆየ ደላላ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ገዢ ሳሎኑን በዓይኑ፣ ኩሽናውን ግን በእጁ ነው የሚያየው። መሳቢያ ይስባል፣ የካቢኔት በር ይከፍታል፣ ቧንቧ ያዞራል። ጎንበስ ብሎም ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ይመለከታል። እዚያ ያበጠ ችፑድና የሻጋታ ሽታ ካገኘ የሳሎኑ ጂብሰም ምንም ያህል ቢያምር ዋጋው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መውረድ ይጀምራል።

ቤቱን ለሽያጭ ወይም ለኪራይ የሚያዘጋጀው ባለሀብት በበኩሉ ከመጽሔትና ከቴሌፎን ስክሪን ላይ ያየውን ኩሽና ለአናጺው ያሳይና "ይህን የመሰለ ሥራልኝ" ይላል። ሥዕሉ ላይ ያለው ኩሽና የሽንኩርት ቁሌት ለአንድ ሰዓት የማይበስልበት፣ እንጀራ የማይጋገርበት፣ ወለሉም በባልዲ ውኃ የማይታጠብበት መሆኑ ግን አይታሰብም። ብዙው ኪሳራ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬ በገበያው ላይ የሚታዩት የኩሽና ፋሽኖች ከየት እንደመጡ፣ ለኢትዮጵያ ቤት የትኛው እንደሚስማማና የትኛው ገንዘብ እንደሚመልስ አንድ በአንድ ማየት ለነጋዴም ለደላላም ይጠቅማል።

ፋሽኑ ከየት መጣ?

ዛሬ "ዘመናዊ ኪችን" የሚባለው ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ባለ ካቢኔት ኩሽና በቅንጦት የተጀመረ አይደለም። መነሻው የቦታና የገንዘብ እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ለሠራተኛው ሕዝብ በብዛት ይሠሩ ለነበሩ ቤቶች ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ አንድ ኩሽና ነደፈች። ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ሲሆን ከ6.5 ካሬ ሜትር አይበልጥም ነበር። አርክቴክቷ በባቡር የምግብ ፉርጎ ውስጥ ያለችውን ጠባብ ኩሽና አጥንታ፣ አንዲት ሴት ከምድጃ ወደ ማጠቢያ ስንት እርምጃ እንደምትሄድ በሰዓት ተለክቶ ከተጻፈ ጥናት ተነሥታ ነው ሥራውን የሠራችው። በዚያው ከተማ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ የተገጠመው ይህ ኩሽና ዛሬ በዓለም ላይ ለሚሸጠው የካቢኔት ሥራ ሁሉ አባት ተደርጎ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቤት ግንባታ ወጪን ለመቀነስ ባደረገው ጥናት "የሥራ ሦስት ማዕዘን" የሚባለውን ደንብ አወጣ። ምድጃው፣ ዕቃ ማጠቢያውና ፍሪጁ በሦስት ማዕዘን ይቀመጣሉ። በእያንዳንዳቸው መካከል ያለው ርቀት ከ1.2 እስከ 2.7 ሜትር፣ ድምሩም ከ4 እስከ 8 ሜትር ቢሆን ይመረጣል ማለት ነው። ርቀቱ ከዚህ ሲያንስ ሠራተኛዋ ትጨናነቃለች፣ ሲበዛ ትደክማለች። ይህ ደንብ እስከ ዛሬ ድረስ አልተሻረም። ነገር ግን በኢትዮጵያ ቤት አራተኛ ማዕዘን አለ፤ እርሱም ምጣዱ ነው። ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ሦስተኛው የታሪክ ምዕራፍ ክፍት ኩሽና ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት እ.ኤ.አ. በ1934 በሚኒያፖሊስ በሠራው የዊሊ መኖሪያ ቤት ኩሽናውን ከሳሎኑ ጋር እንዲተያይ አደረገ። ሐሳቡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተስፋፍቶ፣ በመሃል የሚቆመው "አይላንድ" የሚባል ጠረጴዛ ተጨምሮበት፣ በመጨረሻም በአዲስ አበባ የአፓርታማ ማስታወቂያዎች ላይ ደረሰ።

ክፍት ወይስ ዝግ?

ክፍት ኩሽና ሁለት እውነተኛ ጥቅሞች አሉት። ግድግዳ ስለሚቀንስ የግንባታ ወጪ ይቀንሳል። አነስተኛ ስፋት ያለው ቤትም ሰፊ መስሎ ይታያል። ለሻጭ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ቤቱ ሲኖርበት ነው። ሽንኩርት ያለ ዘይት ለረጅም ጊዜ የሚቁላላበት፣ በርበሬ የሚታሽበት፣ ቅቤ የሚነጠርበት ቤት ሽታው ወደ ሶፋው፣ ወደ መጋረጃውና ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን የእንግዳ ሆድ ይከፍታል፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ተከራይን ያስወጣል።

"የጭስ መሳቢያ ይገጠምበታል" የሚለው መልስ በከፊል ትክክል ነው። መሳቢያ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። ሁለተኛው አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ወደዚያው ክፍል የሚለቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ቅባትንና ሽታን በመጠኑ ቢይዝም እንፋሎትንና ሙቀትን አያስወጣም፤ ማጣሪያውም በየጥቂት ወራት ካልተለወጠ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በሱቅ ውስጥ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ስለሆኑ ገዢው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

የመሳቢያውን አቅም ለማወቅ ስሌቱ ቀላል ነው። የኩሽናው ርዝመት 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር ቢሆን በውስጡ 33.6 ሜትር ኩብ አየር አለ። ይህ አየር በሰዓት ቢያንስ 10 ጊዜ እንዲለወጥ ከተፈለገ በሰዓት 336 ሜትር ኩብ የሚስብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ኩሽናው ወደ ሳሎኑ ክፍት ከሆነ ግን የሚቆጠረው የሳሎኑም አየር ነው። 50 ካሬ ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ በዚሁ ከፍታ 140 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ በሰዓት 1,400 ሜትር ኩብ የሚስብ መሣሪያ ሊፈለግለት ነው ማለት ነው። ክፍት ኩሽና ግድግዳ በመቀነስ ያተረፈውን በመሳቢያ ሊከፍል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚገርመው ግን ክፍት ኩሽናን ለዓለም ያስተማሩት አገሮች ራሳቸው ወደ ኋላ እየተመለሱ መሆናቸው ነው። በአሜሪካና በአውስትራሊያ ውድ ቤቶች ከሚታየው ውብ ኩሽና ጀርባ ሁለተኛ፣ በር ያለው የሥራ ኩሽና መሥራት ተለምዷል። በሲንጋፖርና በማሌዥያም ቅመምና ዘይት ለሚበዛበት ምግብ "እርጥብ ኩሽና"፣ ለሻይና ለቁርስ ደግሞ "ደረቅ ኩሽና" ተለይቶ መሥራት የቆየ ልማድ ነው። ይህን የኢትዮጵያ ግቢ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከዋናው ቤት ጀርባ ከሰርቪስ ክፍሎች ጋር የሚሠራው ማድ ቤት ያው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም እንኳ ለጋራ ምግብ ማብሰያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ሕንፃ አብሮ የሠራው ይህ ፍላጎት እንደማይቀር ስለታወቀ ነው።

ስለዚህ አፓርታማ የሚሠራ ባለሀብት ምርጫው ክፍት ወይም ዝግ ብቻ አይደለም። መሃሉን መምረጥ ይችላል። ለሻይና ለቁርስ የሚሆነው ክፍል ወደ ሳሎኑ ይከፈታል። ከጀርባው፣ በረንዳ ወይም መስኮት ባለበት በኩል፣ 4 ወይም 5 ካሬ ሜትር የምትሆን በር ያላት ማብሰያ ክፍል ትተዋለች። ቦታው ይህን ካልፈቀደ ደግሞ ተንሸራታች የመስታወት በር አለ። ብርሃኑ ይገባል፣ ሽታው ይቀራል። የፍራንክፈርቱ ኩሽና ራሱ ከሳሎኑ የሚለየው በተንሸራታች በር ነበር።

ምጣዱ የት ይቀመጣል?

በውጭ አገር መጽሔት ላይ የሚታየው ኩሽና የምጣድ ቦታ የለውም። የአገር ውስጥ አናጺም ሥዕሉን እንዳለ ከገለበጠው ቤቱ ሲያልቅ ምጣዱ በረንዳ ላይ ወይም በመኝታ ቤት ኮሪደር ላይ ይወድቃል። የምጣዱ ስፋት ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ከነማቀፊያው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የካቢኔት መደበኛ ጥልቀት ግን 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ምጣድ ቶፕ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ይወጣል፤ አክንባሎው ሲነሣም ከላይኛው ካቢኔት ጋር ይጋጫል። እንፋሎቱ በተከታታይ የላይኛውን ካቢኔት ሆድ ሲመታው ደግሞ ልጣፉ ይላቀቃል።

መፍትሔው በፕላኑ ላይ ነው የሚጀምረው። ለምጣዱ ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ያንኑ ያህል ጥልቀት ያለው፣ ከላዩ ካቢኔት የሌለበት፣ ከመሳቢያው ወይም ከመስኮቱ ሥር የሆነ ቦታ ይተዋል። ከፍታውም ከሌላው ቶፕ ዝቅ ማለት አለበት። ሊጡን ዙሪያውን የምታፈስ ጋጋሪ ክንዷን በምጣዱ ላይ መዘርጋት አለባትና። በአጠገቡም የሊጡ ዕቃ የሚቆምበትና የተጋገረው እንጀራ በሰፌድ የሚወርድበት ባዶ ቦታ ያሻል።

ሁለተኛው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፒር ያህል ይመጣል። ለመደበኛ ሶኬት የሚዘረጋው መስመር ግን ብዙውን ጊዜ በ16 አምፒር ብሬከር የሚጠበቅ ነው። ምጣዱ በተጣደ ቁጥር ብሬከሩ የሚወርደው፣ ሶኬቱ የሚጠቁረውና የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ለምጣዱ የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፈር ያለ ሽቦ ያለው፣ መሬት የታሠረ መስመር ከጅምሩ መዘርጋት አለበት። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ መስመር መጨመር ግን ሴራሚክ መስበርን ያስከትላል።

ጠቅላላ ጭነቱም መታሰብ አለበት። ምጣዱ 3.7፣ ምድጃው 2፣ የሻይ ማፍያው 2፣ የገላ መታጠቢያው ቦይለር 1.5 ኪሎ ዋት ቢስቡና ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢበሩ ድምሩ ከ9 ኪሎ ዋት ያልፋል። ይህም በነጠላ ፌዝ ከ41 አምፒር በላይ ነው። ቆጣሪው ይህን የማይችል ከሆነ ውብ የተባለው ኩሽና በተራ የሚሠራ ኩሽና ይሆናል። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነ ብዙ የሚስብ ዕቃ ለተከራይ የወር ወጪ ሆኖ እንደሚታይ መርሳት አይገባም።

ስለ ኢንዳክሽን ምድጃም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መልኩ ያማረ፣ ኃይል ቆጣቢና ፈጣን ነው። የሚሠራው ግን ማግኔት በሚይዘው ዕቃ ብቻ ነው። የሸክላ ድስት፣ ጀበናና ተራ የአሉሚኒየም ድስት አይሞቁበትም። ስለዚህ ኢንዳክሽን የሚገጠምለት ቤት ከጎኑ ቢያንስ አንድ ተራ የኤሌክትሪክ ወይም የቡታጋዝ ምድጃ ቢኖረው ይሻላል።

ሣጥኑ ከምን ተሠራ?

የካቢኔት ነጋዴ የሚያሳየው በሩን ነው። ገንዘቡ የሚቆየው ወይም የሚጠፋው ግን በሣጥኑ ላይ ነው። በገበያው ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው፤ ችፑድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ።

ችፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ በደረቅ ቦታም ብዙ ዓመት ያገለግላል። ጠላቱ ውኃ ነው። በጠርዙ በኩል ውኃ ከገባበት ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞው መጠን አይመለስም። ብሎኑም አብሮ ይላላል። ኤምዲኤፍ ከደቀቀ የእንጨት ጭረት ስለሚሠራ ገጹ ለስላሳ ነው። ቀለም ለሚቀባና ቅርጽ ለሚወጣለት በር ይመረጣል። ክብደት አለው፣ ውኃም አይወድም። ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ንጣፎች እየተነባበሩ የሚሠሩበት ስለሆነ ብሎን አጥብቆ ይይዛል፣ እርጥበትንም ከሁለቱ በተሻለ ይቋቋማል። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

"እርጥበት የሚችል" ተብሎ የሚሸጥ መሃሉ አረንጓዴ የሆነ ችፑድና ኤምዲኤፍ አለ። አረንጓዴው ግን ለምልክት የተጨመረ ቀለም ነው፤ እርጥበቱን የሚከለክለው ሙጫው እንጂ ቀለሙ አይደለም። ነጋዴውን በቃል ከማመን ቁራጭ ወስዶ ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ማሳደርና ውፍረቱን በፊትም በኋላም መለካት ይሻላል። ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር እንዲሉ፣ ይህች ፈተና ዋጋዋ የአንድ ጆግ ውኃ ናት፤ የምታድነው ግን የሙሉ ኩሽና ገንዘብ ነው።

ወጪን ለመቆጠብ ሁሉንም በውዱ መሥራት ግድ አይደለም። የላይኞቹ ካቢኔቶች ከችፑድ ቢሆኑ ችግር የለውም። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለችው አንዷ ሣጥን ግን ከኮምፔንሳቶ ወይም ከአሉሚኒየም ብትሠራ፣ በፎርማይካም ብትለበጥ፣ ያቺ ገዢው ጎንበስ ብሎ የሚያያት ጨለማ ቦታ ለዓመታት ንጹሕ ሆና ትቆያለች። ፎርማይካ እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ ሁለት መሐንዲሶች "ማይካ" የተባለውን ማዕድን በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ለመተካት የፈለሰፉት ስለሆነ ስሙም "በማይካ ፋንታ" ከማለት የመጣ ነው። ሙቀትና ውኃ የመቻል ጠባዩ ከዚያው የተወረሰ ነው።

ሌላው የአገሩን አኗኗር ያላገናዘበ ነገር የካቢኔቱ እግር ነው። በብዙ ቤት የኩሽና ወለል በውኃ ይታጠባል። ሣጥኑ ወለሉ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ በዓመት ውስጥ ሥሩ ያብጣል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ወይም የብረት እግር፣ ፊቱም ተነቃይ መሸፈኛ ይደረግለት። እንዲሁም በሁሉም የተቆረጡ ጠርዞች ላይ፣ በማይታዩትም ጭምር፣ የጠርዝ ልጣፍ መኖሩ ይረጋገጥ። በፊት ለፊት ብቻ ለጥፎ ጀርባውን ባዶ መተው የተለመደ የማጭበርበሪያ ዘዴ ነው።

የቶፑ ድንጋይ

በድንጋዩ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። እምነበረድ ያምራል፤ በአገር ውስጥም ይገኛል። ይሁን እንጂ ኖራነት ያለው ድንጋይ ስለሆነ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ይበሉታል፤ እርድና በርበሬም ቀለማቸውን ይተዉበታል። ለመታጠቢያ ቤትና ለደረጃ እንጂ ለሥራ ኩሽና አይመከርም። ግራናይት ይጠነክራል፣ አሲድም አይፈራም፤ ትኩስ ድስትም ይችላል። በግራናይት ስም እምነበረድ እንዳይሸጥ በናሙናው ላይ ጥቂት የሎሚ ጠብታ አድርጎ 10 ደቂቃ መጠበቅ በቂ ነው። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ወዙ ከጠፋ ድንጋዩ እምነበረድ ነው።

በቅርብ ዓመታት የተወደደው ሦስተኛው ዓይነት ሰው ሠራሽ ኳርትዝ ነው። 90 በመቶ ያህሉ የተፈጨ ኳርትዝ ሲሆን ቀሪው ሙጫ ነው። ቀለሙ ወጥ ነው፣ እድፍም አይዝም። ሙጫው ግን ከእሳት የወረደ ድስትን አይችልም፤ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሲልካ የተባለውን ማዕድን በብዛት ስለሚይዝ የቆራጮችን ሳንባ ክፉኛ ይጎዳል። በዚህ ምክንያት አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ ማምረትም፣ ማቅረብም ሆነ መግጠም ከልክላለች። ድንጋይ ቆራጭ ድርጅት ያላቸው ነጋዴዎች ኳርትዝም ሆነ ግራናይት ሲቆርጡ በውኃ መቁረጥንና የመተንፈሻ ጭንብልን ቢያስገድዱ ለሠራተኛውም ለድርጅቱም መድኅን ነው።

ቀለሙ፣ እጀታውና ቁመቱ

ቀለም በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። የሚያብለጨልጭ ነጭና ግራጫ ለረጅም ጊዜ ከነገሠ በኋላ የእንጨት መልክ፣ ክሬምና ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ተመልሰዋል። ለሽያጭ የሚሠራ ቤት የሚጎዳው በፋሽን ቀለም ብቻ ሲያዝ ነው። ሣጥኑ ገለልተኛ ቀለም ይሁን፤ በሩ ግን በቀላሉ የሚለወጥ ይሁን። እጀታ የሌለው በርም ያምራል። ቅባት በነካው እጅ በየቀኑ የሚገፋ በር ግን ቶሎ ይቆሽሻል፤ ለተከራይ ቤት እጀታ ያለው ይሻላል።

ቁመት ከቀለም ይበልጣል። በውጭ ገበያ የቶፕ ከፍታ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትክክለኛው ልክ ግን የሚሠራው ሰው ክንዱን ሲያጥፍ ከክርኑ ሥር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚለው ነው። ቁመቷ አጠር ላለ ሴት 85 ሴንቲ ሜትር ከ90 ይሻላታል። በሁለት ካቢኔቶች መካከል ያለው መተላለፊያም ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም፤ አይላንድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን ይለካ።

በካሬ ወይስ በሜትር?

ከሁሉ በላይ ነጋዴውን የሚያሳስበው የዋጋ አጠራር ነው። አንዱ ሠሪ በካሬ ሜትር፣ ሌላው በግድግዳው ርዝመት በሜትር ይጠራል። ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማወዳደር ስህተት ነው። ለምሳሌ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ የታችኛው ካቢኔት ከፍታው 85፣ የላይኛው 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የታችኛው 3.4፣ የላይኛው 2.8፣ ድምሩ 6.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንዱ ሠሪ በካሬ 10,000 ብር፣ ሌላው ታችና ላዩን ጨምሮ በሜትር 14,000 ብር ቢጠሩ (ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው) የመጀመሪያው 62,000፣ ሁለተኛው 56,000 ብር ይመጣል። በጆሮ ሲሰማ ውድ የነበረው በወረቀት ላይ ርካሽ ሆነ ማለት ነው።

ቶፑ፣ ዕቃ ማጠቢያው፣ ቧንቧው፣ ማጠፊያውና ትራንስፖርቱ በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባታቸው በጽሑፍ ይገለጽ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡት ቦርድ፣ ማጠፊያና ድንጋይ ዋጋቸው ከምንዛሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። ቀብድ ሲከፈል የዋጋው ጽናት እስከ መቼ እንደሆነ በውሉ ላይ ካልሰፈረ ጭቅጭቁ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ይመጣል።

ያወጡት ገንዘብ ይመለሳል?

በአሜሪካ የቤት እድሳት ወጪ በሽያጭ ጊዜ ስንቱ እንደሚመለስ በየዓመቱ የሚያነጻጽር "ኮስት ቨርሰስ ቫልዩ" የተባለ ሪፖርት አለ። የ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት እንደሚያሳየው በር፣ ቶፕና ዕቃ ብቻ የተለወጠበት መጠነኛ የኩሽና እድሳት ከወጪው 96 በመቶ ያህሉን መልሷል። ኩሽናው ከሥሩ ተነሥቶ በመካከለኛ ደረጃ ሲሠራ የተመለሰው ግማሽ ያህሉ ነው። እጅግ በተቀናጣ ሁኔታ ሲሠራ ደግሞ 38 በመቶ ብቻ።

የአሜሪካ ቁጥር የአዲስ አበባን ገበያ አይለካም። ትምህርቱ ግን አቅጣጫውን ያሳያል፤ ወጪው በጨመረ መጠን የሚመለሰው ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ውድ ኩሽና የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ገዢው የራሱ ምርጫ አለው። ንጹሕ፣ ውኃ የማያፈስና መብራት የማያጠፋ ኩሽና ግን የሁሉም ገዢ ምርጫ ነው።

እንበልና በአንድ ሕንፃ ላይ እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ቤቶች አሉ። አንደኛው ባለቤት ገንዘቡን በአይላንድና በሚያብለጨልጭ በር ላይ አዋለው። ሁለተኛው ለምጣዱ የራሱን መስመር ዘረጋ፣ የጭስ መሳቢያውን በቱቦ ወደ ውጭ አወጣ፣ ከማጠቢያው ሥር ያለውን ሣጥን በኮምፔንሳቶ ሠራ፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ የሚያስፈልገውን የማጠራቀሚያ ቦታም አዘጋጀ፤ በሩን ግን ተራ አደረገው። በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛው ቤት ይወደዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ገዢው ሲመጣ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ያው ከማጠቢያው ሥር ያለውን ነው።

ከመፈራረም በፊት

ካቢኔት ለማሠራት ወይም ባለ ካቢኔት ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው እነዚህን ቢያረጋግጥ ይጠቀማል፦

- ከማጠቢያው ሥር ያለው ሣጥን ከምን እንደተሠራ፣ ሲፎኑም ውኃ ሞልቶ ሲለቀቅ እንደማያንጠባጥብ።
- ለምጣዱ የተለየ ብሬከርና ቦታ መኖሩን፤ የቆጣሪው አቅምም ስንት እንደሆነ።
- የጭስ መሳቢያው ቱቦ በእውነት ወደ ውጭ መውጣቱን፤ ወረቀት አስጠግቶ ስበቱን ማየት ይቻላል።
- ረጅም በሮች ቢያንስ ሦስት ማጠፊያ እንዳላቸው፤ መሳቢያዎችም ዕቃ ተጭኖባቸው ሲሳቡ እንደማይዘነብሉ።
- የማይታዩ ጠርዞች ሁሉ ልጣፍ እንዳላቸው፤ ሣጥኑም በእግር ላይ እንደቆመ።
- ዋጋው በካሬ ወይም በሜትር መሆኑን፤ ምን ምንን እንደሚጨምርና እስከ መቼ እንደሚጸና።

ደላላም ቢሆን ይህን ዝርዝር በኪሱ ቢይዝ አይጎዳም። ቤቱን ከገዢው ቀድሞ በዚህ የፈተሸ ደላላ ጉድለቱን ለሻጩ ነግሮ በጥቂት ገንዘብ ያስጠግናል፤ ድርድሩ ላይም አያፍርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ለዓይን ብቻ የተገጠመ ኩሽናም የሚፈታው ገዢው በሩን በከፈተበት ሰዓት ነው።